አሰን ያላችሁ፣ ይሄ ቲቲ የሚሉት የሞተር ውድድር ድሮ ለምን ቅዳሜ ነበር? ታሪኩን የምታውቁ አስረዱኝ

ናቲ_አሰን

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። እኔ ኔዘርላንድ ሰሜኑ ጋ አሰን የምትባል ከተማ ነው ያለሁት፣ ከካምፕ ወጥቼ ቤት ከደረሰኝ ዘጠኝ ወሬ ነው። አሰን ጸጥ ያለች ናት፣ ዛፍ በዛፍ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ካለፈ መንገድ ላይ ሰው አታይም። ሰሞኑን ግን ከተማው ሌላ ሆነ። መሀል ከተማ መድረክ እየተሰራ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ዳማ ያለበት ባንዲራ ሰቅሏል፣ የጀርመን የቤልጅየም የእንግሊዝ ታርጋ ያላቸው ሞተሮች ድንኳን ጭነው ተሰልፈው ይገባሉ፣ መስኮቴን ዘግቼ እንኳን ድምፁ ይገባል። ቲቲ ነው አሉኝ፣ ዘንድሮ ደግሞ፣ በፈረንጅ 2025 መሆኑ ነው፣ 100 ዓመቱ ነው አሉ።

ጎረቤቴ 85 ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ አሉ፣ ደች እንድለማመድ ብለው ቡና ይጠሩኛል። ትናንት አንድ የድሮ ፎቶ አወጡ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ ዳንቴል ተቆራርጦ የተሰራ። በጡብ የተነጠፈ ጠባብ መንገድ አለ፣ ሰዉ ሳሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፣ አባታቸው ኮፍያ አድርገው ዳር ቆመዋል፣ ከጫማቸው አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት አንድ ሞተረኛ ደረቱን ታንከሩ ላይ ለጥፎ ያልፋል። አጥር የለ ገመድ የለ። እና ሽማግሌው ምን አሉኝ፣ ይሄ የኛ በዓል ነው፣ ድሮ ቅዳሜ ነበር ወደ እሁድ ወሰዱብን አሉ፣ ሲናገሩም ከልባቸው ነው የከፋቸው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ደቼ አልበቃኝም። ቲቲ ማለት ራሱ ምንድነው? ለምን ቅዳሜ? እንዲህ ያለ ትልቅ የዓለም ውድድር እንዴት እዚህች ትንሽ ከተማ ሊቀመጥ ቻለ? የምታውቁ ካላችሁ በደንብ አስረዱኝ፣ በሚቀጥለው ቡና ከሳቸው ጋር ማውራት እፈልጋለሁ።

የድሮ_ሞተረኛ_ግሮኒንገን

ናቲ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ ግሮኒንገን 24 ዓመት ኖሬያለሁ፣ አሰን ያንተ ከተማ ከኛ በባቡር ቅርብ ናት፣ ቲቲን ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የቀረሁበት ዓመት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ረጅም ስለምጽፍ ታገሰኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቲቲ ቱሪስት ትሮፊ ከሚለው የመጣ ነው። ስሙ የእንግሊዞች ነው፣ ማን በምትባለው ደሴት ላይ ከ1907 ጀምሮ የሚደረግ ውድድር አለ፣ ሆላንዶቹ ስሙን ከዛ ነው የወሰዱት። የመጀመሪያው የሆላንድ ቲቲ የተደረገው ሐምሌ 11 ቀን 1925 ነው፣ ያዘጋጀው የአሰንና አካባቢዋ የሞተር ክለብ ነው። ቦታው ግን አሰን ውስጥ አልነበረም፣ ሮልደ፣ ቦርገር፣ ስኾንሎ፣ ግሮሎ የሚባሉትን መንደሮች አገናኝቶ የሚዞር የገጠር መንገድ ነበር፣ አንዱ ዙር 28.4 ኪሎ ሜትር። ያሸነፈው ፒት ፋን ዋይንጋርደን የሚባል ሰው ነው፣ ኖርተን በምትባል ሞተር፣ 500 ሲሲ (ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው፣ ውድድሩም በሱ ይከፈላል)፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 91.4 ኪሎ ሜትር። ዛሬ ስትሰማው ትንሽ ይመስልሃል፣ ግን በዛ ጎማ፣ በዛ ፍሬን፣ ላም በሚያልፍበት መንገድ ላይ አስበው። በ1926 ወደ አሰን ደቡብ ተዛወረ፣ 16.5 ኪሎ ሜትር የሆነ በጡብ የተነጠፈ መንገድ፣ ዴ ሃር፣ ኦውደ ቶል፣ ሆኽሃለን በሚባሉ ሰፈሮች የሚያልፍ፣ እስከ 1954 የተሮጠው እሱ ላይ ነው። የጎረቤትህ ፎቶ በእርግጠኝነት እዛ የተነሳ ነው፣ ጡቡና ሳሩ ይናገራል።

ቅዳሜውን በተመለከተ። ሐምሌ 11 ቀን 1925 ራሱ ቅዳሜ ነው የዋለው። እዚህ ሀገር በተለይ በገጠሩ የድሮዎቹ ፕሮቴስታንቶች እሁድን የሚያከብሩት እኛ ሀገር ባላገሩ ሰንበትን እንደሚያከብረው ነው። እሁድ ወደ ቤተክርስቲያን የሚሄዱበትን መንገድ ዘግቶ ሞተር ማስጮህ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ሆነ፣ ኋላ ደግሞ የሰኔ የመጨረሻ ቅዳሜ ተብሎ ቆረጠ፣ ሌላው ዓለም አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ሲወዳደር አሰን ቅዳሜ። ቤተክርስቲያን የሚሄደው ሰው ከቀነሰ በኋላ እንኳን ቀኑ አልተነካም፣ ልማድ ሆኖ ነበር። አርብ ማታ የሚጠጣው ጠጥቶ ቅዳሜ ውድድሩን አይቶ እሁድ አርፎ ሰኞ ስራ መግባት፣ የሰዉ የዓመት ፕሮግራም በሱ ላይ ነበር የተሰራው። በ2016 ነው የመጀመሪያው እሁድ የሆነው፣ ከሌላው ውድድር ጋር አንድ እንዲሆን፣ ለቴሌቪዥኑም እንዲመች። የዛን እሁድ ዝናቡ ውድድሩን አስቆመው፣ ከተቋረጠ በኋላ እንደገና ሲጀመር ጃክ ሚለር የሚባል ማንም ያልጠበቀው አውስትራሊያዊ አሸነፈ። እኔ እዛ ነበርኩ፣ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ሞልቶ፣ ከአጠገቤ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው ይሄው እግዜር ራሱ እሁዱን አልወደደውም ብለው ከልባቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ጎረቤትህ የከፋቸው ለዚህ ነው፣ አትፍረድባቸው።

ሶስተኛው ጥያቄህ፣ እንዴት እዚህ ቀረ ያልከው፣ ለኔ ዋናው እሱ ነው። የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1949 ነው። ከዛን ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሳያቋርጥ የሻምፒዮናው አካል የሆነ ቦታ አሰን ብቻ ነው፣ የቀረው በ2020 በኮሮና ብቻ። ስሙን ያወረሰው ማን የተባለችው ደሴት ውድድር እንኳን ከ1976 በኋላ ከሻምፒዮናው ወጥቷል፣ ምክንያቱም መንገዱ ገዳይ ነው፣ ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች እዛ አንሄድም አሉ። አሰኖች ግን ቀድመው በ1955 ከመንደር መንገድ ወጥተው 7.7 ኪሎ ሜትር የሆነ ለውድድር ብቻ የተሰራ ሰርኪዩት ገነቡ። ኋላ በ1984 ወደ 6.1 አሳጠሩት፣ በ2006 ወደ 4.5 ወረደ። በየዘመኑ ትንሽ ትንሽ እየሰጡ ውድድሩን አቆዩት፣ ቀኑንም የሰጡት በዛው መንገድ ነው።

ጋራዥ_መርካቶ

ጋሼ ሁሉንም በሚገባ አስቀምጠኸዋል፣ የመጨረሻዋ ላይ ግን አልስማማም። እኔ አዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ጥገና ላይ ነኝ፣ አሰንን ያየሁት በዲሽ ብቻ ነው፣ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። የ2006ቱ ማሳጠር ትልቅ ጉዳት ነው እላለሁ። ሰሜኑን ዙር እንዳለ ነው ቆርጠው የጣሉት። የድሮው አሰን እኮ የፍጥነት ካቴድራል ይባላል፣ ለኔ ያን ስም የሚያሰጠው ከመንደር መንገድ ባህሪ ሳይወጣ የተሰራ መሆኑ ነው። ናቲ እንዲገባህ፣ የድሮ መንገድ መሀሉ ጉብ ብሎ ወደ ዳርና ዳር ይንሸራተታል፣ ዝናብ እንዲፈስ። አሰን ላይም እንደዛ ነበር። ሞተሩን ወደ ግራ አስተኝተህ ስትገባ መንገዱ ራሱ አቅፎ ይይዝሃል፣ ጉብታዋን ስታልፍ ደግሞ ተገላብጦ ይገፋሃል፣ ስለዚህ ኩርባውን የት ጋ ማለፍ እንዳለብህ በስንዝር ማወቅ አለብህ። አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ ቀጥ ያለ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ፈረስ ጉልበት ብቻ ይዘህ አታሸንፍም፣ እጅ ይጠይቃል።

እዛ የተሰራውን እዩ። 1967 ማይክ ሄይልውድ የሚባል እንግሊዛዊ በአንድ ቀን የ250፣ የ350፣ የ500 ሲሲ ውድድሮችን ሶስቱንም አሸነፈ፣ በሶስት የተለያየ ሆንዳ፣ ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ እየወጣ። አሁን አንድ ውድድር ጨርሰው በኦክስጅን ነው የሚተነፍሱት የሚመስሉት። 1975 ደግሞ እንግሊዛዊው ባሪ ሺን። ሰውየው በመጋቢት ወር አሜሪካ ዴይቶና ላይ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄደ የኋላ ጎማው ፈንድቶበት ጭኑ የተሰበረ ነው። በሰኔ አሰን ላይ ሱዙኪውን ይዞ ከጃኮሞ አጎስቲኒ ያማሃ ጋር ጎን ለጎን ገባ፣ ሰዓት ያዢዎቹ ለሁለቱም አንድ አይነት ሰዓት ነው የጻፉት፣ በአይን ነው ሺን አሸንፏል የተባለው። የመጀመሪያው የ500 ድሉ ናት። አባቴ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የሺን ፎቶ ነበር፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ፣ በዘይት እጅ ስለሚነካ ጫፉ ጠቁሮ፣ እኔ ፊደል የለየሁት ሰባት ቁጥርን ከሱ ሞተር ላይ አይቼ ነው ማለት እችላለሁ።

እና ያን መንገድ ቆርጠው ሲጥሉ ዝም ብዬ አልቀበለውም። ለተመልካች መቀመጫ ምናምን ይላሉ፣ መቀመጫ ሌላ ቦታም ይሰራል።

የድሮ_ሞተረኛ_ግሮኒንገን

ወንድሜ ቁጭትህ ይገባኛል፣ የድሮውን ሰሜን ዙር በአይኔ አይቼዋለሁ፣ በ2005 ለመጨረሻ ጊዜ ሲሮጥበት ሰዉ እንደ ቀብር ነበር የሆነው። ግን አንድ ነገር አስብ። 1992 ሚክ ዱሀን የሚባል አውስትራሊያዊ ተወዳዳሪ እዚሁ አሰን በልምምድ ላይ ወደቀ፣ ቀኝ እግሩ ተሰበረ፣ ነገሩ እየተባባሰ ሄዶ ይቆረጥ እስከ መባል ደረሰ። ዶክተር ኮስታ የሚባለው የውድድሩ ሐኪም በአውሮፕላን ወደ ጣሊያን ወሰደውና ደም እንዲያገኝ ብሎ ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ ሰፋቸው። አንድ ላይ ሰፋቸው ነው የምልህ። ዱሀን ያን ጊዜ በ65 ነጥብ እየመራ ነበር፣ ዋንጫውን በ4 ነጥብ ለዌይን ሬኒ አጣ። እኔ የዛን እለት ስለወደቀበት ቦታ ሳነብ ሰውየው ዳግም እዛ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም፣ እሱ ግን ከ1994 እስከ 1998 አምስት ዓመት ተከታትሎ አሰን ላይ አሸነፈ። ስለዚህ የቦታው ውበት ከአደጋው ጋር ነበር የመጣው፣ የቆረጡትንም ሰዎች በአንድ ወገን ብቻ ማየት ይከብደኛል። አጭሩም መንገድ ደግሞ ባዶ አይደለም፣ በ2006 በአዲሱ መንገድ የመጀመሪያው ውድድር ላይ ኮሊን ኤድዋርድስ የመጨረሻዋ ሺኬን ላይ (ሺኬን ማለት ናቲ፣ ፍጥነት ለመቀነስ ብለው የሚሰሯት ቀኝ ግራ የምትጠመዘዝ ቦታ ናት)፣ መስመሩ እየታየው ወድቆ ኒኪ ሄይደን ነው ያሸነፈው። በ2015 ጣሊያናዊው ሮሲና ስፔናዊው ማርኬዝ እዛችው ሺኬን ላይ ተጋጭተው ሮሲ በጠጠሩ ላይ ቆርጦ ገባ። በ2017ም ሮሲ ፔትሩቺን በ0.063 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ፣ የህይወቱ የመጨረሻ ድል ሆና ቀረች። ናቲ ስትሄድ እዛች ሺኬን ጋ ነው መቀመጥ።

ሃና_ሮተርዳም

ናቲ ወንድሜ እኔ ስለሞተር ብዙም አላውቅም ግን ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለቤቴ የዚህ ሀገር ሰው ነው፣ አማቴ ደግሞ የቲቲ ሰው ነው፣ ቤቱ ሳሎን ውስጥ በፍሬም ያለች አንዲት የ1977 ትኬት አለች፣ የሰርጉ ፎቶ ከሷ በታች ነው የተሰቀለው። በ1977 ዊል ሃርቶህ የሚባል ሆላንዳዊ በትልቁ በ500 ሲሲ አሸነፈ፣ ከዛ በፊት በ500 ያሸነፈ ሆላንዳዊ አልነበረም። ረጅም ሰው ነው፣ የሚለብሰው ቆዳ ነጭ በነጭ ስለነበር ነጩ ግዙፍ ይሉት ነበር። አማቴ ሲያወራ ምን ይለኛል፣ ከሩቅ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ነጭ ነገር ትታያለች፣ በየዙሩ ቀድማ ስትመጣ አጠገቤ ያለውን የማላውቀውን ሰው አቅፌ አለቀስኩ ይላል። እዚህ ሀገር ሰው የማያውቀውን ሰው አያቅፍም፣ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ለዚህ ነው ያመንኩት።

ሌላው ያክ ሚድልቡርግ ነው፣ በ1980 አሸነፈ። እሱን ሲያወራ ግን ድምፁ ይለወጣል፣ በ1984 ቶልበርት የሚባል ቦታ፣ ግሮኒንገን አጠገብ፣ በመንገድ ውድድር ላይ ወድቆ ሞተ። ከሚድልቡርግ በኋላ በትልቁ ሲሲ ያሸነፈ ሆላንዳዊ እስከዛሬ የለም። አማቴ በየዓመቱ ዘንድሮ ይሆናል ብሎ ይሄዳል፣ በዚህ ሰዓት በትልቁ የሚወዳደር የራሳቸው ልጅ እንኳን ሳይኖር ይሄዳል። እኛም እኮ በአሥር ሺህ ሜትር ልጆቻችን ሲሮጡ ሌሊት ተነስተን የምናይ ሰዎች ነን፣ ስሜቱ አይጠፋንም።

ደግሞ ለጎረቤትህ የአሰን ልጅ ስለሆነው ስለ ኤክበርት ስትሮየር ጠይቃቸው፣ ሳይድካር፣ ጎን ላይ ጋሪ ያለው ሞተር ማለት ነው፣ በሱ በ1984፣ 85፣ 86 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ። የከተማቸውን ልጅ ስም ካነሳህላቸው ሁለተኛ ቡና ይቀዱልሃል።

ናቲ_አሰን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ የእርሶን ጽሁፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዛሬ ጎረቤቴ ጋ ሄጄ ሰንበት ስለሆነ ነው አይደል ቅዳሜ የነበረው ስላቸው ብድግ ብለው ተነሱ፣ ማን ነገረህ አሉኝ። እናታቸው እሁድ ልብስ እንኳን አያሰጡም ነበር አሉ። የመጨረሻው የጡብ መንገድ ውድድር ጊዜ 14 ዓመታቸው ነበር። በ1955 ደግሞ አዲሱ ሰርኪዩት ሲከፈት እዛ ነበሩ፣ የሆነ የስራ ማቆም አድማ ነበር አሉኝ፣ እሱን ግን በደንብ አልገባኝም። የምታውቁ አላችሁ?

ጋራዥ_መርካቶ

አለ እንጂ! እሱ ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ያኔ ፋብሪካ የሚደግፋቸው ጥቂት ናቸው፣ የቀሩት ሞተራቸውን በራሳቸው ገዝተው፣ በራሳቸው ቫን ጭነው፣ ራሳቸው ፈተው ገጥመው የሚወዳደሩ ናቸው። አዘጋጆቹ ለመጀመር ብለው የሚከፍሏቸው ገንዘብ ነዳጅና ጎማ አይሸፍንም፣ ከተመልካቹ የሚሰበሰበው ግን ብዙ ነው። እና በ350 ሲሲው ላይ የግል ተወዳዳሪዎቹ አንድ ዙር ብቻ ዞረው ገብተው ሞተራቸውን አጠፉ። በቃ። ጄፍ ዱክ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ነው፣ የጂሌራ ፋብሪካ ሰው፣ የራሱ ኪስ ሙሉ ነው፣ ምንም አልጎደለበትም። ግን እነሱ ካልተከፈላቸው እኛም አንነሳም ብሎ ከጎናቸው ቆመ። 500ውን ኋላ ተወዳድሮ አሸነፈ፣ ግን ስለደገፋቸው ፌዴሬሽኑ ስድስት ወር አገደው፣ የ1956 መጀመሪያውን ውድድሮች አመለጡት፣ ሻምፒዮንነቱም በዛው ሄደ፣ ከዛ በኋላ ዳግም ሻምፒዮን አልሆነም። ለኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። እኔ ራሴ ቀን ሙሉ ሰርቼ ሳይከፈለኝ የቀረሁበት ጊዜ ስላለ ይሆናል፣ አለቃው ከሰራተኛው ጋ ሲቆም ማየት ብርቅ ነው።

የድሮ_ሞተረኛ_ግሮኒንገን

ልክ ነው። ናቲ ከሄድክ አንዳንድ ነገር ልንገርህ። በመኪና እንዳታስብ፣ ሳይክል በቂ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ከከተማው በሳይክል ነው የሚሄደው። የጆሮ መድፈኛ ያዝ። ፀሐይ ቢሆንም የዝናብ ልብስ ያዝ፣ አሰን ላይ በአንድ ውድድር ውስጥ ሶስት አይነት አየር ይፈራረቃል። ለጎረቤትህ ደግሞ ይሄን ንገራቸው፣ ከ2023 ጀምሮ ቅዳሜ ስፕሪንት የሚባል አጭር ውድድር አለ፣ ነጥብም አለው። ቅዳሜያቸው ሙሉ በሙሉ አልተወሰደችም።

ናቲ_አሰን

ሄድን! ቅዳሜም እሁድም ከሽማግሌው ጋር ነው የሄድኩት። እንዳላችሁኝ የመጨረሻዋ ሺኬን ጋ ነበርን። ቅዳሜ ስፕሪንቱን ማርክ ማርኬዝ ወሰደ፣ እሁድም እሱ፣ ቤዜኪ ሁለተኛ፣ ባኛያ ሶስተኛ። በትልቁ ሲሲ 68ኛ ድሉ ነው፣ ከአጎስቲኒ ጋር እኩል ሆነ ብለው በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ፣ ሽማግሌው አጎስቲኒን በአይኔ አይቼዋለሁ እያሉ እጄን ይጎትቱኛል። ወንድሙ አሌክስ ወድቆ እጁ ተሰበረ፣ እሱ አሳዘነኝ። ስለ ድምፁ ምን ልበላችሁ፣ መጀመሪያ ደረትህ ውስጥ ነው የሚሰማህ፣ ከዛ ነው ጆሮህ ጋ የሚደርሰው። ሽማግሌው በመጀመሪያው ዙር የጆሮ መድፈኛቸውን አወጡት፣ አንዴ ብቻ ልስማው አሉኝ፣ አይናቸውን ጨፍነው ሰምተው መልሰው ከተቱት።

ማታ ቤታቸው ገብተን ፎቶውን ከአልበሙ አወጡት፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ 1938፣ ኦውደ ቶል ይላል። ጋሼ እንዳሉት የጡቡ መንገድ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በሳይክል ሄደን አባታቸው የቆሙበትን ቦታ ልንፈልግ ተቀጣጥረናል፣ ካገኘነው ፎቶ አነሳላችኋለሁ።